ዋይፋዩ የት አገር ነው ያለው? የሬዲዮ ሕግን በሊኑክስ ላይ የማስከበር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ በፖርቶ ሪኮ፣ በሳን ሁዋን አውሮፕላን ማረፊያ የሚያገለግለው የአየር ጠባይ ራዳር ደመናም ዝናብም ያልሆነ ነገር ያሳይ ጀመር። በማሳያው ላይ ከመሃል ወደ ጠርዝ የተዘረጉ ጨረር መሳይ መስመሮች ይታያሉ። የአሜሪካ የአቪዬሽንና የቴሌኮም መሐንዲሶች መስመሮቹን ተከትለው ሲሄዱ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ የገመድ አልባ ኢንተርኔት መሣሪያዎች ላይ ደረሱ። መሣሪያዎቹ ራዳሩ በሚያዳምጥበት ሞገድ ላይ እየተናገሩ ነበር። አንዳንዶቹ ራዳር ሲሰሙ ቦታ እንዲለቁ የሚያደርጋቸው ተግባር በትክክል አልተዋቀረላቸውም፤ ሌሎቹ ከነጭራሹ አልነበራቸውም።

የዚያ ዓይነት ራዳር ሥራ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1985 ዴልታ በረራ 191 ዳላስ ለማረፍ ሲቃረብ ከነጎድጓድ ደመና ሥር ቁልቁል የሚወርድ ድንገተኛ የነፋስ ግፊት መትቶ ጣለው፤ 137 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በትልልቅ የአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች አቅራቢያ ይህን ነፋስ አስቀድመው የሚለዩ ራዳሮች ተተከሉ። የሚሠሩት ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። የዋይፋይ ቻናል 120፣ 124 እና 128 መሃል ነጥባቸው የሚያርፈው እዚያው ውስጥ ነው።

ሁለቱ እንዴት አንድ ሰፈር ሊኖሩ ቻሉ? እ.ኤ.አ. በ2003 ጄኔቫ ላይ የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ የ5 ጊጋኸርዝን ሰፊ ክፍል ለዋይፋይና መሰል መሣሪያዎች ሲከፍት፣ ለአብዛኛው ክፍል አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ ራዳር የሚሠራበት ቻናል ላይ የሚወጣ መሣሪያ አስቀድሞ ያዳምጥ፣ ራዳር ከሰማም ይልቀቅ። ይህን ሕግ በየቤቱና በየቢሮው ዞሮ የሚያስከብር ተቆጣጣሪ የለም። አስከባሪው በመሣሪያው ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ አገሩን የሚያውቀው እርስዎ በሚያስገቡት ሁለት ፊደል ነው።

ይህ መመሪያ ራውተር ወይም አክሰስ ፖይንት በሊኑክስ ለሚያዋቅሩ፣ ለድርጅት ኔትወርክ ለሚዘረጉና የራሳቸውን መሣሪያ ለሚሠሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ትዕዛዞቹ እንደሚነበቡት በግዕዝ ፊደል ተጽፈዋል፤ ተርሚናል ላይ ሲያስገቡ በላቲን ትንንሽ ፊደል ይጻፉ፣ የአገር ኮዱን ብቻ በትልልቁ።

ኮዱን ከመጻፍዎ በፊት

የሚያስፈልገው መሣሪያው አሁን የቆመበት አገር ኮድ ነው። የተሠራበት ወይም የተገዛበት አገር አይደለም። ከዳላስ ተገዝቶ በዘመድ ሻንጣ አዲስ አበባ የገባ ላፕቶፕ የኢትዮጵያን ኮድ ይፈልጋል፤ ያው ላፕቶፕ ወደ ቴል አቪቭ ወይም ወደ ዱባይ ሲሄድ ኮዱ ይለወጣል።

እዚህ ላይ ቀላል የሚመስሉ ስህተቶች ይበዛሉ። የኢትዮጵያ የአገር ኮድ ኢ-ቲ ነው። አማርኛ በኮምፒውተር የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ኤ-ኤም ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ይህንኑ በአገር ኮድ ቦታ የሚያስገባ ሰው ሳያውቀው ዋይፋዩን አርሜኒያ ያስገባዋል። ብሪታንያ ያለ አንባቢ ዩ-ኬ ብሎ ይጽፋል፤ ትክክለኛው ጂ-ቢ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ኤ-ኢ ነው፤ ዩ-ኤ ብለው ከጻፉ ዩክሬን ይሆናል። ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነ ማንም አይፈትሸውም፤ መፈተሽ ያለበትም ለዚሁ ነው።

ማሽኑ ምን እንደሚያምን ይዩ

በሊኑክስ ላይ መጀመሪያ የሚገባው ትዕዛዝ ‹አይ-ደብልዩ ሬግ ጌት› ነው። ምላሹ በጠቅላላው ሲስተም ላይ የሚሠራውን የአገር ኮድ ይነግርዎታል፤ ከሥሩም የተፈቀዱት የሞገድ ክልሎች፣ የቻናል ስፋታቸውና ከፍተኛው ኃይል በመስመር በመስመር ይዘረዘራሉ።

ኮዱ ሁለት ዜሮ ከሆነ ማሽኑ የት እንዳለ አያውቅም ማለት ነው። የሊኑክስ ከርነል በዚህ ጊዜ በየትኛውም አገር ችግር የማያመጣውን ጠባብ መንገድ ይይዛል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ከቻናል 1 እስከ 11 ይፈቅዳል፤ 12ን እና 13ን ግን ቀድሞ ሳይናገር እንዲያዳምጥ ብቻ ይተወዋል። በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ ሁሉንም ቻናል ‹ቀድሞ መናገር ክልክል› በሚል ምልክት ይዘጋዋል። ‹ራውተሬ በ5 ጊጋኸርዝ እምቢ አለኝ› የሚሉ ብዙ ሰዎች ችግራቸው ይህ ነው፦ ሃርድዌሩ ደኅና ነው፣ አገሩን የነገረው ሰው ግን የለም።

98 የሚል ቁጥር ከታየ ሁለት ትዕዛዞች ተጋጭተው ከርነሉ የሁለቱን የጋራ ክፍል ብቻ ወስዷል። ለምሳሌ ካርዱ በፋብሪካ የአንድ አገር ኮድ ተጽፎበት፣ ተጠቃሚው ደግሞ ሌላ ሲያስገባ ይህ ሊሆን ይችላል። 99 ከሆነ ድራይቨሩ የራሱን ደንብ ይዞ መጥቷል። ከካርዱ ስም ጎን ራሱን በራሱ እንደሚያስተዳድር የሚገልጽ ቃል ካዩ ደግሞ ውሳኔው በካርዱ ፈርምዌር እጅ ነው። ብዙ የኢንቴል ላፕቶፕ ካርዶች እንዲህ ናቸው። በዙሪያቸው ካሉ ኔትወርኮች አገሩን ይገምታሉ፤ እርስዎ የሚያስገቡትን ኮድ አይሰሙም፤ በ5 ጊጋኸርዝ አክሰስ ፖይንት ሆነው እንዲያገለግሉም በቀላሉ አይፈቅዱም። መፍትሔው ለአክሰስ ፖይንትነት የተሠራ ካርድ መግዛት ነው። ድራይቨሩን ጠርቦ ገደቡን የሚያነሳ ኮድ እየተለዋወጡ የሚጭኑ ሰዎች አሉ፤ አይጫኑት። ያ ኮድ የሚያነሳው ሳን ሁዋን ላይ የጠፋውን ጥበቃ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ መሠረታዊ ሐሳብ ይወጣል። የሊኑክስ የገመድ አልባ ክፍል፣ ሲኤፍጂ-80211 የሚባለው፣ ደንቡን በንብርብር ያስከብራል፦ የደንብ መዝገቡ፣ ከርነሉ፣ ድራይቨሩ፣ ፈርምዌሩ። ድራይቨሩ በፋብሪካው ደንብ የሚጸና ከሆነ ተጠቃሚው የሚያስገባው ኮድ የተፈቀደውን ሊያጠብ እንጂ ሊያሰፋ አይችልም። የራስዎን መሣሪያ የሚሠሩ ከሆነ ኮድዎን በዚሁ ይለኩት፦ የጻፉት መስመር አንድ የተዘጋ ቻናል የሚከፍት ከሆነ የተሳሳተው መስመሩ ነው።

መዝገቡ በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ

ከርነሉ የየአገሩን ደንብ የሚያነበው ‹ዋየርለስ-ሬግዲቢ› ከሚባለው መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ በሁለት ፋይል ይመጣል፤ አንዱ ራሱ መረጃው፣ ሌላው ዲጂታል ፊርማው። ሁለቱም በሲስተሙ የፈርምዌር ማኅደር ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። ድሮ ‹ሲአርዲኤ› የሚባል ረዳት ፕሮግራም መረጃውን እያነበበ ለከርነሉ ያቀብል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ከወጣው 4.15 ጀምሮ ግን ከርነሉ ራሱ ያነባል፣ ፊርማውንም ራሱ ያረጋግጣል። ‹መጀመሪያ ሲአርዲኤን ይጫኑ› የሚል የቆየ መመሪያ ካጋጠመዎ ጊዜው አልፏል።

የማሽኑን የማስነሻ መልእክት በ‹ዲ-ሜስግ› ያውጡና የመዝገቡን ስም ይፈልጉ። ‹መጫን አልተቻለም› የሚል ካለ ፓኬጁ አልተጫነም፣ ወይም ከርነሉ ፋይሎቹ ዲስክ ላይ ሳይታዩት በፊት ፈልጓቸዋል። ‹ፊርማው የለም ወይም ልክ አይደለም› የሚል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ በዴቢያን ላይ ደጋግሞ ያጋጥማል። ዴቢያን መዝገቡን ራሱ ገንብቶ በራሱ ቁልፍ ይፈርምበታል። ከርነሉን እርስዎ ከመነሻው ኮድ ከገነቡት ያንን ቁልፍ አያውቀውም። ዴቢያን ለዚህ የመነሻ አዘጋጆቹን ፋይልም አብሮ ስለሚያቀርብ፣ በ‹አፕዴት-ኦልተርኔቲቭስ› ወደዚያ ያዙሩት። ፊርማ ማረጋገጫውን ከከርነሉ አጥፍቶ መገላገል ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ማንም ሰው ፋይሉን ሊለውጠው ይችላል፤ ለሌሎች የሚሸጥ ወይም የሚሰጥ መሣሪያ ላይ ይህ መደረግ የለበትም።

ኮዱን ያስገቡ

ለጊዜው ለመሞከር ‹አይ-ደብልዩ ሬግ ሴት› ብለው ኮዱን ያስከትሉ። ማሽኑ ሲጠፋ ይጠፋል።

ለዘለቄታው ግን ቦታው እንደ መሣሪያው ይለያያል። ተራ ኮምፒውተር ከሆነ ለሲኤፍጂ-80211 ሞጁል በሚሰጠው አማራጭ ወይም በ‹ደብልዩ-ፒ-ኤ ሰፕሊካንት› ማዋቀሪያ ውስጥ በ‹ካንትሪ› መስመር ይጻፋል። ማሽኑ አክሰስ ፖይንት ከሆነና ‹ሆስት-ኤፒ-ዲ› የሚጠቀም ከሆነ ሦስት መስመሮች አብረው ይሄዳሉ፤ የአገር ኮዱ፣ ኮዱ ለደንበኞች እንዲታወጅ የሚያደርገው የ80211-ዲ መስመር፣ እና ራዳር ማዳመጥን የሚያነቃው የ80211-ኤች መስመር። ኦፐን-ደብልዩ-አር-ቲ ላይ በዋየርለስ ማዋቀሪያው ለየራዲዮው ‹ካንትሪ› ይሞላል። ፍሪ-ቢኤስዲ የራሱ የደንብ ፋይል አለው፤ ኮዱ የዋይፋይ መስመሩ ሲፈጠር በ‹አይኤፍ-ኮንፊግ› ይሰጠዋል።

ራስበሪ ፓይ የሄደበት መንገድ ሌሎችም ቢከተሉት የሚመረጥ ነው። ከሞዴል 3ቢ ፕላስ ጀምሮ አገር ካልተነገረው ዋይፋዩን ቆልፎ ያስቀምጠዋል፤ ሰውየው ‹ራስፒ-ኮንፊግ› ከፍቶ አገሩን እስኪመርጥ ድረስ ምንም አይልክም። ዝም ብሎ በአሜሪካ ኮድ ተነስቶ ቢሠራ ኖሮ ለገዢው ይቀል ነበር፤ ሕጉ ግን በየአገሩ ይጣስ ነበር።

ቻናሎቹን አንድ በአንድ ያንብቡ

አሁን ‹አይ-ደብልዩ ሊስት› ይበሉ። እያንዳንዱ ቻናል ከነሞገዱ፣ ከነኃይሉና ከነምልክቱ ይወጣል። የተዘጋ የሚል ምልክት ያለበት አይነካም። ቀድሞ መናገር ክልክል የሆነበት ቻናል ላይ ደንበኛ መሆን ይቻላል፣ አክሰስ ፖይንት መሆን አይቻልም። ራዳር የሚል የታከለበት የማዳመጥ ግዴታ አለበት።

በአሜሪካ ደንብ የተሠሩ ብዙ ስልኮችና ላፕቶፖች በ2.4 ጊጋኸርዝ ከቻናል 11 በላይ አይወጡም። አዲስ አበባ ላይ ቻናል 13 የተመረጠበት ራውተር ለበዓል ከቨርጂኒያ በመጣ እንግዳ ስልክ ላይ ጭራሹኑ ላይታይ ይችላል፤ ‹የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል› ተብሎ ብዙ ይደከማል። እንግዳ የሚበዛበት ቤት፣ ሆቴል ወይም ካፌ በ1፣ በ6 ወይም በ11 ላይ ይቆይ። ቻናል 14 ደግሞ 2484 ሜጋኸርዝ ላይ ብቻውን የቆመ ነው፤ ጃፓን ውስጥ፣ ያውም ለቀድሞው የ‹ቢ› ስልት ብቻ የተፈቀደ።

ኃይሉን ሲያነቡ በዲቢኤም የተጻፈውን ቁጥር በዋት ያስቡት። 20 ዲቢኤም 100 ሚሊዋት ነው፤ 23 ወደ 200 ይጠጋል፣ 27 ወደ 500፣ 30 ደግሞ 1 ሙሉ ዋት ነው። በየ3 ዲቢ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። የአውሮፓ ደንብ ለ2.4 ጊጋኸርዝ የሚፈቅደው 20 ዲቢኤም ሲሆን፣ ይህ ቁጥር ከካርዱ የሚወጣውን ብቻ አይለካም፤ አንቴናው ወደ አንድ አቅጣጫ አሰባስቦ የሚጨምረውንም ይቆጥራል። የመስክ ጫኚዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ጣሪያ ላይ 8 ዲቢ የሚጨምር አንቴና ከሰቀሉ ካርዱ ከ12 ዲቢኤም በላይ መላክ የለበትም፤ ሶፍትዌሩ ግን የሰቀሉትን አንቴና ማየት ስለማይችል 20ውን ሊለቅ ይችላል። ስሌቱን እርስዎ ሠርተው በ‹አይ-ደብልዩ› የ‹ሴት ቲኤክስ-ፓወር› ትዕዛዝ ይገድቡት። ትዕዛዙ ቁጥሩን የሚቀበለው በዲቢኤም መቶኛ ነው፤ ለ12 ዲቢኤም 1200 ተብሎ ይጻፋል።

ራዳሩን በእጅ ይፈትኑ

ብዙዎች ኮዱን አስገብተው፣ ኢንተርኔቱ ሲሠራ አይተው ይሄዳሉ። ሕጉ የሚለካው ግን ራዳር በመጣ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ሳይዘሉ ይሥሩት።

አክሰስ ፖይንቱን በቻናል 52 ያስነሱ። ወዲያው መናገር የለበትም። የ‹ሆስት-ኤፒ-ዲ› መዝገብ የማዳመጥ ጊዜ መጀመሩን ይጽፋል፤ ከ60 ሰከንድ በኋላ መጠናቀቁን ይጽፍና ኔትወርኩ ይታያል። በአውሮፓ ደንብ ከ5600 እስከ 5650 ባለው የአየር ጠባይ ራዳር ክልል ይህ ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። አክሰስ ፖይንቱ በ52 ላይ በሁለት ሰከንድ ከተነሳ ደስ አይበልዎ፤ ማዳመጡን ዘሎታል።

ቀጥሎ ራዳር የመጣ ያስመስሉ። ለአቴሮስ ቺፖች የተሠሩ፣ ‹ኤቲኤች-9-ኬ› እና ‹ኤቲኤች-10-ኬ› የሚባሉ ድራይቨሮች በከርነሉ የማረሚያ ማኅደር ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጀ ፋይል አላቸው፤ እዚያ ውስጥ 1 ሲጻፍ ድራይቨሩ የራዳር ምት እንደሰማ አድርጎ ያሳውቃል። አክሰስ ፖይንቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቻናሉን ለቅቆ ወደ ሌላ መሄድ አለበት፤ ለደንበኞቹም እየሄደ መሆኑን ያውጃል። ከዚያ ‹አይ-ደብልዩ ሊስት› ሲሉ የለቀቀው ቻናል ‹አይገኝም› ተብሎ ይታያል፤ ለ30 ደቂቃም ወደዚያ መመለስ አይችልም። ማሽኑን አጥፍተው እንደገና ያስነሱና ያንኑ ፈተና ይድገሙት። ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ከመለሱት በኋላም አንድ ጊዜ ይሥሩት፤ ኮዱ በዚህ መሃል ወደ ሁለት ዜሮ የሚመለስባቸው መሣሪያዎች አሉ።

የተሳሳተ የአገር ኮድ ጉዳቱ ቻናል ከመክፈትና ከመዝጋት ያልፋል። በመዝገቡ ውስጥ የየአገሩ መስመር የትኛው የራዳር ደንብ እንደሚሠራ ይናገራል፤ የአውሮፓው፣ የአሜሪካው ወይም የጃፓኑ። ድራይቨሩ የሚፈልጋቸውን የምት ቅርጾች፣ የምቱን ርዝመትና በምትና በምት መሃል ያለውን ጊዜ፣ የሚመርጠው ከዚህ ነው። በአሜሪካ ኮድ አውሮፓ ውስጥ የቆመ ራውተር እያዳመጠ ነው፤ የሚጠብቀው ግን የሌላ አገር ራዳር ነው።

ለሚሸጡና ለሚያሠራጩ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 ቲፒ-ሊንክ ለአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን 200 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ምክንያቱ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ አንዳንድ ራውተሮቹ ተጠቃሚው የአገር ኮድ ሲለውጥ ከተፈቀደላቸው በላይ ኃይል ማውጣት መቻላቸው ነበር። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የ5 ጊጋኸርዝ ደንብ አምራቾች የሬዲዮውን ሶፍትዌር ካልተፈቀደ ለውጥ እንዲጠብቁ አዝዞ ነበር፤ በዚህም አምራቾች ክፍት ሶፍትዌርን ጨርሰው ይዘጋሉ የሚል ስጋት ነበር። ያው ስምምነት ግን ኩባንያው የሬዲዮ ደንቡን ጠብቆ የሌሎች ፈርምዌር የሚጫንበትን መንገድ እንዲያጠና ጠየቀው። ስምምነቱ ልክ ነበር። የሬዲዮውን ወሰን መጠበቅና የቀረውን ሲስተም ለባለቤቱ ክፍት ማድረግ አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው፤ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ሁለቱን ለይቶ ይንደፍ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በሊኑክስ መዝገብ ውስጥ ኢ-ቲ የሚል የኢትዮጵያ መስመር አለ። መዝገቡ ማንም ሊያነበው የሚችል የጽሑፍ ፋይል ሆኖ ይዘጋጃል፤ እርማት የሚቀበለውም ከመንግሥት ሰነድ ማጣቀሻ ጋር ለሚልክ ለማንኛውም ሰው ነው። በሙያው ያላችሁ የኢትዮጵያ መሐንዲሶች፣ የባለሥልጣኑን የሞገድ ሰነድ ከዚያ መስመር ጋር በየቻናሉ አስተያዩት፤ ልዩነት ካገኛችሁ ማስረጃውን አያይዛችሁ እርማቱን ላኩ። ተቀባይነት ሲያገኝ መዝገቡን በሚያድስ ማንኛውም የሊኑክስ ማሽን ላይ፣ ኢ-ቲ ተብሎ በተጻፈበት ሁሉ፣ ይሠራል።